ከንቲባው፣ ፔጀሩና የፍሳሽ ቱቦው

ለከንቲባው ለዓመታት ገንዘብ ስታሰባስብ የኖረች ሴት ፍርድ ቤት ቀርባ ቃሏን ሰጠች። ከምትሰበስበው ገንዘብ ኮሚሽን ይታሰብላታል። ከኮሚሽኑ ላይ ደግሞ ለከንቲባው ቀንሳ በጥሬው ትሰጠዋለች። ገንዘቡን አንዳንዴ ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጉጣ ነበር የምትወስድለት። ከዚያ አውጥታ በእጁ።

ደረሰኝ የለም። ፊርማ የለም። ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ነገር ነው። እሱ «ውሸቷን ነው» ካለ ማን ይሞግተዋል? ግን ሰውየው በ2013 የ28 ዓመት እስር ተፈረደበት። ክሱ ላይ ደግሞ ሰው የሚጠብቀው «ሌብነት» የሚል ቃል ሳይሆን «በፖስታ ማጭበርበር»፣ «በሽቦ ማጭበርበር» የሚል ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር የተደረደረው። ፖስታና ሽቦ ከጉቦ ጋር ምን አገናኛቸው? ዛሬ እሱን እንፍታ።

ሰውየው ክዋሚ ኪልፓትሪክ ይባላል። ከ2002 እስከ 2008 የዲትሮይት ከንቲባ ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው። ታሪኩ የአሜሪካ ስለሆነ እዚያው ይቆይ።)

ኪልፓትሪክ ከሜዳ የተነሳ ሰው አይደለም። በ1970 እዚያው ዲትሮይት ተወለደ። እናቱ ፖለቲከኛ ናት። እሷ በ1996 ለአገሪቱ ኮንግረስ ስትመረጥ፣ የለቀቀችውን የሚሺጋን ግዛት ምክር ቤት ወንበር ልጅየው ተወዳድሮ ያዘው። ኮሌጅ እያለ እግሩም ትከሻውም የጠነከረ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። አስተማሪም ሆኖ ሠርቷል፤ ሕግም ተምሯል። ግዙፍ ነው፣ አፈ ጮሌ ነው፣ ሰው ሲያቅፍ ከልቡ ይመስላል። በ31 ዓመቱ ከንቲባ ሲሆን በከተማዋ ታሪክ እንደሱ ወጣት ከንቲባ አልነበረም። ጆሮው ላይ የአልማዝ ሎቲ ስለሚያደርግ «የሂፕ ሆፕ ከንቲባ» የሚል ስም ወጣለት።

ከተማዋ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ጠምቷት ነበር። የመኪና ፋብሪካዎቹ ጊዜ፣ በ1950፣ ዲትሮይት ውስጥ 1.8 ሚሊዮን ሰው ይኖር ነበር። በ2000 የቀረው 951 ሺህ አካባቢ ነው። ቤቶች ባዶ፣ ሰፈሮች ጨለማ። ወጣቱ ሰውዬ መጥቶ «እናነሳታለን» ሲል ብዙ ሰው አመነው። ሐቁን ለመናገር፣ መሃል ከተማው በእሱ ጊዜ ትንሽ ነፍስ ዘርቷል። የካምፐስ ማርሺየስ መናፈሻ በ2004 ተከፈተ። የወንዙ ዳርቻ መጽዳት ጀመረ። ይሄን የማነሳው ለማድነቅ አይደለም። ብዙ ሰው ለምን ዘግይቶ እንደ ነቃ የሚገባን ይሄ ሲታወቅ ስለሆነ ነው።

ጭሱ ቀደም ብሎ ይታይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 33 ወራት በከተማዋ ክሬዲት ካርድ 210 ሺህ ዶላር ገደማ ለጉዞ፣ ለምግብና ለመሳሰለው ወጣ። ከዚያ በከተማዋ ገንዘብ ለቤተሰቡ ሊንከን ናቪጌተር መኪና ተከራይቶ ተገኘ። መጀመሪያ ተካደ፤ ወረቀቱ ሲወጣ ታመነ። ከተማዋ በጀት ጎድሎባት ሠራተኛ የምትቀንስበት ጊዜ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2005 በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ወጥቶ በመጨረሻው ተመረጠ።

አሁን ወደ ገመናው እንግባ። የሚገርመው፣ መጀመሪያ ከሥልጣን ያወረደው ገንዘብ አይደለም። ውሸት ነው።

በ2003 አንድ የፖሊስ ምክትል አዛዥ የከንቲባውን ጠባቂዎች ሥነ ምግባር ሲመረምር ከሥራው ተባረረ። እሱና አንድ ሌላ ፖሊስ «እውነት ስለ ተናገርን ነው የተቀጣነው» ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ በ2007 ችሎት ቀረበ። ከንቲባውና የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ክርስቲን ቢቲ ቃለ መሐላ ፈጽመው ቆሙ። ሁለቱም ባለ ትዳር ነበሩ። «በመካከላችሁ የፍቅር ግንኙነት ነበረ ወይ?» ተባሉ። «የለም» አሉ። ምክትል አዛዡንም አላባረርንም አሉ።

ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝቡ መሃል ተመርጠው የሚፈርዱት ተራ ሰዎች፣ አላመኗቸውም። ለፖሊሶቹ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደ። ከንቲባው ተቆጥቶ ይግባኝ እላለሁ ብሎ ፎከረ። ከዚያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድንገት ሐሳቡን ለወጠ። ከተማዋ ከሌላ ተመሳሳይ ክስ ጋር ተደምሮ 8.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ጉዳዩ በስምምነት እንዲዘጋ አደረገ።

ለምን ለወጠ? የፖሊሶቹ ጠበቃ አንድ ነገር እጁ ስለገባ ነው። ከንቲባውና ቢቲ የሚጻጻፉት ከተማዋ በምትከፍልበት ፔጀር ነበር። ፔጀር የምትባለውን ዕቃ የአሁን ልጆች ላያውቋት ይችላሉ። ቀበቶ ላይ የምትሰካ፣ አጫጭር መልእክት የምትልክና የምትቀበል ትንሽ ሳጥን ናት። ሁለቱ የጻፉት ሁሉ ድርጅቱ ጋ ተቀምጧል። ፍቅሩም አለ፤ ስለ ምክትል አዛዡ መባረር የተባባሉትም አለ። በስምምነቱ ውስጥ ይሄ ምስጢር እንዳይወጣ የሚል የተደበቀ አባሪ ነበረበት። የከተማው ምክር ቤት ገንዘቡ እንዲከፈል እጁን ሲያወጣ ስለ አባሪው አያውቅም ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ። በጥር 2008 ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ ጋዜጣ መልእክቶቹን አግኝቶ አወጣቸው። ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ መልእክቶች ናቸው። ጋዜጣው በዚህ ሥራ በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በመጋቢት ከንቲባው በሐሰት በመመስከርና ፍትሕን በማደናቀፍ ተከሰሰ። በነሐሴ የዋስትና ግዴታውን ጥሶ ድንበር ተሻግሮ ካናዳ በመሄዱ አንድ ሌሊት ታሰረ። እዚያው ወንዙን ተሻግሮ ያለችው ዊንዘር ናት እኮ የሄደው። በመስከረም ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ሥልጣኑን ለቀቀ። አራት ወር እስርና 1 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተወሰነበት። ከወህኒ ወጥቶ ቴክሳስ ገባ። ለካሳው የሚሆን ንብረት የለኝም ብሎ ሲደብቅ ተይዞ በ2010 ወደ እስር ቤት ተመለሰ።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። የቢሮ ፍቅርና የሐሰት ምስክርነት። ዋናው ጉድ ግን ገና አልተነካም። እነዚያ መልእክቶች ውስጥ ስለ ፍቅር ብቻ አልነበረም የተጻፈው። ከንቲባው ቦቢ ፈርጉሰን ከሚባል ኮንትራክተር ወዳጁ ጋርም ይጻጻፍ ነበር። ስለ ጨረታ።

የዲትሮይት ውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ትልቅ ነገር ነው። የከተማዋን ሰው ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ጭምር የሚያጠጣና ፍሳሻቸውን የሚያነሳ ነው፤ ሚሊዮኖች ማለት ነው። ቱቦ መቅበርና ማደስ ደግሞ የማያልቅ ሥራ ነው። መሬት ውስጥ ስለሆነ ማንም ወርዶ አያይም። መሥሪያ ቤቱ ወንዝ በመበከሉ ከ1977 ጀምሮ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክትትል ሥር ነበር። ሥራ እንዲፋጠን ተብሎ ለከንቲባው ልዩ ሥልጣን ተሰጠው፤ የከተማውን ምክር ቤት ሳያስፈቅድ ውል መፈራረም ይችል ነበር። በበጎ ሐሳብ የተሰጠ ሥልጣን ነው። ግን ቁልፉን ያለ ዘበኛ አስረክቦ እንደ መሄድ ነው።

አንድ ውል ብቻ ቀረብ ብለን እንይ። አንድ ትልቅ ኩባንያ የፍሳሽ ቱቦዎችን ከውስጥ የማደስ ሥራ ነበረው። ውሉ በ50 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰፋ ታሰበ። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ቀን ሄደ፣ ወር ሄደ፤ አይፈረምም። ማንም «ጉቦ አምጡ» አላለም። የኩባንያው ሰዎች ሲጠይቁ ነገሩ ገባቸው። ከሥራቸው ያለው ንዑስ ተቋራጭ የከንቲባው ሰው አይደለም። እሱን አውጥተው ፈርጉሰንን አስገቡ። ፊርማው ወረደ።

ይሄ ነው ዘዴው። ሥራ ከፈለግህ ፈርጉሰንን ታቀፍ። ካላቀፍከው ውልህ ይንጓተታል፣ ወይ ለሌላ ይሄዳል፣ ወይ ይሰረዛል። ከንቲባው ከኩባንያዎቹ በቀጥታ ገንዘብ አልጠየቀም። ሥራው ለፈርጉሰን ይሄዳል፤ ከፈርጉሰን ደግሞ ወደ እሱ ይመለሳል። በስድስት ዓመት ውስጥ ፈርጉሰን በዚህ መንገድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ሥራ አገኘ። በ2004 ስተርሊንግ ሃይትስ በምትባል ጎረቤት ከተማ ከመንገድ ሥር ያለ ትልቅ የፍሳሽ ቱቦ ተደርምሶ መሬቱ ሲሰምጥ እንኳ፣ የአስቸኳይ ጥገናው ውስጥ ፈርጉሰን ነበረበት። ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲሮጥ እነሱ ሒሳብ ያሰላሉ።

እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል ነገር አለ። አባባሉ ግን ስለ ሰብሳቢው እንጂ ስለ ከፋዩ ምንም አይልም። የዚህ ዘዴ ክፋቱ ከፋዩ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ኩባንያው ለፈርጉሰን የሚያካፍለውን ከኪሱ አያወጣም፤ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ዋጋው ደግሞ የውኃ ቢል ላይ ይመጣል። አንዲት አሮጊት በየወሩ ቢሏን ስትከፍል ስንት ሳንቲሙ ለውኃ፣ ስንቱ ለከንቲባው ወዳጅ እንደሆነ በምን ታውቃለች?

አሁን ወደ ፖስታው ጥያቄ እንመለስ።

አሜሪካ ውስጥ ተራ ወንጀል የግዛቶቹ ጉዳይ ነው። ክልልና ፌዴራል በሚባልበት አገር ለኖረ አንባቢ ይሄ አይከብደውም። የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ አንድ ከንቲባ ሰረቀ ተብሎ ብቻ ዘሎ አይገባም፤ መግቢያ በር ያስፈልገዋል። ፖስታ ቤት የፌዴራል ነው። ስለዚህ ከ1872 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ሰው ለማታለል አስበህ፣ ለማታለያው ፖስታ ከተጠቀምክ፣ ጉዳዩ የፌዴራል ወንጀል ይሆናል። በኋላ ስልክና ቴሌግራፍ ሲስፋፋ «ሽቦ» ተጨመረ። ዛሬ ሽቦ ማለት ከግዛት ወደ ግዛት የሚሻገር የባንክ ዝውውርም፣ ኢሜይልም፣ ቴክስትም ነው። ወንጀሉ ማታለሉ ነው፤ ፖስታውና ሽቦው በሩ ናቸው። እያንዳንዱ ደብዳቤና እያንዳንዱ ዝውውር ደግሞ ለብቻው አንድ ክስ መሆን ይችላል። የክሱ ቁጥር የሚበዛው ለዚህ ነው።

ኪልፓትሪክ ላይ ይሄ በደንብ የሚታየው በበጎ አድራጎት ድርጅቱ ነው። ኪልፓትሪክ ሲቪክ ፈንድ የሚባል ማኅበር ነበረው። የተቋቋመበት ዓላማ ሰፈርን ማልማት፣ ወጣቱን መርዳት፣ መራጩን ማስተማር ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ሰዎች ያንን አምነው ቼክ ይልኩለታል። ገንዘቡ የት ገባ? ለዮጋና ለጎልፍ ትምህርት። ለልጆቹ የክረምት ካምፕ። ወደ ቴክሳስ ሲዛወር ለዕቃ ማጓጓዣ። ድብቅ መቅጃ መሣሪያ ቢሮ ውስጥ እንዳለና እንደሌለ ለማሰስ። (የመጨረሻው ሁሌ ያስቀኛል። ሰውየው መቅጃ ሲፈልግ ማስረጃው ቀበቶው ላይ ተሰክቶ ነበር።) የሰጪው ቼክ በፖስታ ከመጣ፣ ወይ ክፍያው በባንክ ሽቦ ከሄደ፣ በቃ፤ በሩ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ማጭበርበር ለመባል ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና መውጣት የለበትም። ሰጪው በፈቃዱ ነው የሰጠው። የተሰረቀው ግን በውሸት ነው፤ «ለወጣቱ ነው» ተብሎ የሰጠው ለጎልፍ ከዋለ ተታልሏል።

ያ ሁሉ ሆኖ የጡት መያዣው ገንዘብ ጥያቄ አልተፈታም። በጥሬ የተሰጠ ገንዘብ በምን ይረጋገጣል? መልሱ የሒሳብ ነው። የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ መርማሪ ተቀምጦ የከንቲባውን ደመወዝ በአንድ ወገን፣ ባንክ ያስገባውንና ያወጣውን በሌላ ወገን ጻፈ። ዐቃቤ ሕግ እንዳቀረበው ልዩነቱ 840 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከደመወዙ በላይ ማለት ነው። ገንዘቡን ማን እንደ ሰጠው ሒሳቡ አይናገርም። ግን የሴትዮዋ ቃል ለብቻው እንዳይቆም ያደርገዋል። መከላከያው ገንዘቡ ስጦታ ነው የሚል ነበር፤ ለልደት፣ ለበዓል ሰዎች የሰጡኝ ነው። ጁሪው ይሄንንም ሰማ።

ሁሉንም በአንድ ገመድ ያሰረው ግን በ1970 የወጣው፣ በተለምዶ ሪኮ የሚባለው ሕግ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለማፍያ ነበር። የማፍያ አለቃ ራሱ አይገድልም፣ ራሱ አይቀበልም፤ ያዛል። በተናጠል ወንጀል ብቻ ከከሰስከው ሁሌ ያመልጣል። ሪኮ «ይሄ ቡድን እንደ አንድ ድርጅት ሆኖ ተደጋጋሚ ወንጀል ሠርቷል» ብለህ አንድ ላይ እንድትከስ ይፈቅዳል። ዐቃቤ ሕግ የከንቲባውን ሥልጣን፣ ፈርጉሰንን፣ የከንቲባውን አባትና የውኃ መሥሪያ ቤቱን የቀድሞ ኃላፊ አንድ ላይ አቀረበ። ኃላፊው በችሎቱ መሃል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ወጣ።

ችሎቱ በ2012 መስከረም ላይ ተጀምሮ ለወራት ቆየ። መጋቢት 11 ቀን 2013 ጁሪው ኪልፓትሪክን ከ30 ክሶች በ24ቱ ጥፋተኛ አለው። በሦስቱ ነጻ ወጣ፤ በሦስቱ አልተስማሙም። ማስፈራራት፣ ጉቦ፣ ማጭበርበር፣ ግብር መሰወር፣ ሪኮ። በጥቅምት ዳኛ ናንሲ ኤድመንድስ 28 ዓመት ፈረደችበት። ፈርጉሰን 21 ዓመት ተፈረደበት። አባትየው በግብር ጥፋት ብቻ ስለተያዘ 15 ወር ተወሰነበት።

28 ዓመት በዝቷል የሚል ክርክር ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ። ሰው የገደሉ ከዚያ ባነሰ የወጡ አሉ። እኔ ራሴ ልቤ እዚህ ላይ ይከፈላል። ቅጣቱ የከበደው የተሰረቀው ገንዘብ መጠን፣ የነበረው ሥልጣንና ነገሩ ለዓመታት መዝለቁ አንድ ላይ ስለተቆጠሩ ነው።

ሌላው ክርክር ኪሳራው ነው። ፍርዱ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 14፣ የሚሺጋን ገዥ ከተማዋን የሚያስተዳድር የአስቸኳይ ጊዜ ሹም ሰየመ። በሐምሌ ዲትሮይት ኪሳራ አወጀች። ዕዳዋ 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በአሜሪካ ታሪክ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ የከተማ ኪሳራ አልታየም። ሁለቱ ነገሮች ስለገጣጠሙ ብዙ ሰው «ኪልፓትሪክ ከተማዋን በላት» ይላል። ሒሳቡ ግን አይመጣም። አንድ ሰው ቢሰርቅ ቢሰርቅ 18 ቢሊዮን አይሰርቅም። ነዋሪው ለ60 ዓመት ሲፈስ፣ ግብር ከፋዩ ሲቀንስ፣ የጡረታ ዕዳው እያበጠ የመጣ ነገር ነው።

ይልቅ ከስርቆቱ የበለጠ የጎዳው ምናልባት ሕጋዊው ውሳኔው ነው። በ2005 የጡረታ ፈንዱን ጉድለት ለመሙላት ከተማዋ ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ከባንኮች ጋር የወለድ ልውውጥ የሚባል ውል ፈረመች። ወለዱ ከፍ ካለ ባንኮቹ ይከፍላሉ፣ ዝቅ ካለ ከተማዋ ትከፍላለች። በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ወለዱ ወደ ዜሮ ወረደ። ከተማዋ ስትከፍል ከረመች። በዚህ ማንም አልታሰረም። መጥፎ ውርርድ ወንጀል አይደለምና።

ይግባኙ በ2015 ውድቅ ሆነ፤ የካሳው መጠን ብቻ እንደገና ይሰላ ተባለና ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። ሰውየው በፌዴራል እስር ቤቶች ቅጣቱን ቀጠለ፤ መጨረሻ ላይ ሉዊዚያና ውስጥ ባለው ነበር። ጥር 20 ቀን 2021 ዶናልድ ትራምፕ የመጀመሪያ ዘመኑ በሚያበቃበት ቀን ካሳጠረላቸው እስረኞች አንዱ ሆኖ ወጣ። ከ28ቱ ዓመት ሰባት ተኩሉን ያህል ታስሯል።

ያኔ ብዙ ቦታ «ምሕረት ተደረገለት» ተብሎ ተወራ። ያ አይደለም። ምሕረት ወንጀሉን ራሱን ይቅር የሚል ነው። ያኔ የተሰጠው ቅጣት ማሳጠር ነው፤ የእስሩን ዘመን ይቆርጣል እንጂ ፍርዱን አይሰርዝም። ስለዚህ ከወህኒ ሲወጣ ጥፋተኝነቱም አብሮት ወጣ፤ የሦስት ዓመት የቁጥጥር ጊዜውም፣ የካሳ ዕዳውም እንዳሉ ነበሩ። ካሳው እንዲከፈል የተወሰነው ለዚያው ለውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ነበር።